«አውቶ» ላይ ያለ ዋይፋይ ለምን ያስቸግራል? ጥያቄና መልስ

ጋሽ አንቴና፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራውተር ወይም አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሣጥን) «አውቶ» ላይ ሆኖ ቻናል፣ ማለትም የሚሠራበትን የሞገድ መስመር፣ በራሱ ሲመርጥ ስለሚያመጣው ጣጣ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ባንዱ፣ ማለትም ቻናሎቹ ያሉበት የሞገድ ክልል፣ 2.4 ነው ወይስ 5 ጊጋኸርዝ? አሁን የያዘው ቻናል ስንት ነው? የቻናሉ ስፋትስ? እነዚህ ከሌሉ የምመልሰው በግምት ነው፤ በግምት ሰው ማሯሯጥ ደግሞ አልፈልግም።

የሰሚት ልጅ፦ ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባንዱ 2.4፣ አውቶ ላይ፣ ስፋቱ 20/40 ይላል። በደህናው ቀን ጥሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ኔቱ ማታውን ሙሉ ይንቀራፈፋል። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል። መብራቱ እየጎዳብኝ ይሆን?

ጋሽ አንቴና፦ ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ራውተርህ ምንም አልሆነም።

አብዛኛው የቤት ራውተር ቻናል የሚመርጠው ሲነሳ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች ያዳምጣል፣ የትኛው ቻናል ላይ ማን እንዳለ ያያል፣ ቀለል ያለ የመሰለውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ብዙው ምርጫውን ዞር ብሎ አያየውም። እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነው።

አሁን መብራት የሚመጣበትን ደቂቃ አስበው። የብሎኩ ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። አንድ ላይ ያዳምጣል። ማንም ገና ሲግናል መልቀቅ አልጀመረም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሰማው ጸጥታ ነው። ሁሉም ቻናል ባዶ ይመስለዋል። ሕንጻው ውስጥ ያለው ራውተር ተመሳሳይ ሞዴል ከሆነ ደግሞ፣ ሁሉም ባዶ ሲመስለው የሚይዘው ቁጥርም ያው አንድ ነው። አንደኛ ፎቅም አራተኛ ፎቅም አንድ ቻናል ላይ ተጨናንቀው ያመሻሉ። አንተ በኋላ አጥፍተህ ስታበራው ለብቻህ ነው የተነሳኸው። ጎረቤቶችህ ሥራ ላይ ስለሆኑ ራውተርህ በደንብ ይሰማቸዋል፤ ከእነሱ ራቅ ያለውን ይመርጣል።

ስንቱ ሰው ለዚህ ብሎ አዲስ ራውተር ገዝቷል! አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ገንዘባችሁን አታውጡ።

የምታደርገው ይህ ነው። አውቶውን አጥፋ። ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን ያዝ። ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርገው። 2.4 ላይ 40 መክፈት የሰፈሩን ባንድ ግማሽ ለብቻ መውሰድ ነው።

ቦሌ ቴክ፦ ለምን 1፣ 6፣ 11 ብቻ? እኔ 3 ላይ ነኝ። በዙሪያዬ ያሉትን ዋይፋዮች የሚያሳየኝ የስልኬ አፕ ላይ ማንም የለበትም፣ ንጹሕ ነው።

ሀና ኔትወርክ፦ ንጹሕ አይደለም ወንድሜ። 3 ላይ ስትሆን ከ1ም ከ6ም ጋር ትደራረባለህ።

ቦሌ ቴክ፦ አፑ ባዶ ነው እያለኝ? ፍጥነቱን ስለካውም ይሻላል።

ሀና ኔትወርክ፦ ሰው ተኝቶ ለክተህ ይሆናላ።

ቦሌ ቴክ፦ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የለካሁት!

ጋሽ አንቴና፦ ቆዩ፣ ቆዩ። ይኼ ካልተፈታ እዚሁ ያነጋናል።

የ2.4 ቻናሎች አንዱ ከሚቀጥለው የሚርቀው በ5 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ ዋይፋይ ግን ወደ 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። የ1 መሐል 2412 ነው፣ የ6 2437፣ የ11 2462። በመሐላቸው 25 ስላለ አይነካኩም። የ3 መሐል 2422 ነው፤ ከ1 በ10፣ ከ6 በ15 ብቻ ይርቃል። ሁለቱንም ይረግጣል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ይሰማማሉ። አንዱ ሲልክ ሌላው ይጠብቃል። እጅ እያወጡ እንደሚነጋገሩበት ስብሰባ ነው፤ ቢዘገይም ሥርዓት አለው። 3 ላይ ያለው ግን 1 ላይ ያለው የሚለው አይገባውም፤ የሚደርሰው ጫጫታው ብቻ ነው። ስለዚህ ተራ ሳይጠብቅ ላዩ ላይ ይልካል። የተላከው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይበላሻል። ቦሌ ቴክ፣ ጎረቤቶችህ ራቅ ያሉ ስለሆኑ ለአንተ ተሽሎህ ይሆናል። እነሱን ግን እያወክ ነው። አውቶ ላይ ያሉ ራውተሮችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እንዲህ ነው፤ ሰው አላየሁበትም ብለው 3ን ወይም 8ን ይይዛሉ።

ቦሌ ቴክ፦ እሺ፣ 6 አድርጌ አየዋለሁ።

ናቲ፦ ዋይፋዬ ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

ጋሽ አንቴና፦ ባንድ? ቻናል? ስፋት?

ናቲ፦ አላውቅም፣ ብቻ ይቆራረጣል።

ጋሽ አንቴና፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

የልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እኔ ይኼን ቻናል የት እንደማገኘውም አላውቅ። ልጆቹ ማታ ማታ «ኔት የለም» እያሉ ያስጨንቁኛል።

ጋሽ አንቴና፦ እህቴ፣ አይጨነቁ፣ ቀላል ነው። ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ይዩ። 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚል ዓይነት ቁጥር አለበት፤ አጠገቡ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አለ። ስልክዎ ከዚያው ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ቁጥሩን ብሮውዘር ላይ ይጻፉት። ሲከፈት «ዋየርለስ» ወይም «ደብሊውላን» የሚለውን ይንኩ። 2.4 የሚለው ውስጥ ቻናል የሚል አለ፤ አጠገቡ «አውቶ» ይላል። 6 ያድርጉት። ስፋቱን 20። ከዚያ «ሴቭ»። ኔቱ ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል። ሌላውን እንዳይነኩ፤ በተለይ ከአቅራቢው መስመር ጋር የሚያገናኘውን ክፍል። በ6 ካልተሻለዎት 1ን፣ ቀጥሎ 11ን ይሞክሩ። እያንዳንዱን ግን አንድ ማታ ሙሉ ይስጡት፤ በየአምስት ደቂቃው መቀያየር ምንም አያሳይዎትም።

የልጆች እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሞክረዋለሁ።

የጀሞ ልጅ፦ አፑ የሚያሳየኝ ይኼን ነው። 1 ላይ 9 ዋይፋይ፣ 6 ላይ 5፣ 11 ላይ 2። ራውተሬ በአውቶ 11ን መረጠ፣ ስፋቱ 20 ነው። ከሁሉም ባዶው እሱ ሆኖ ሳለ ማታ አይሠራም።

ጋሽ አንቴና፦ የሲግናላቸውን ቁጥር ላክልኝ።

የጀሞ ልጅ፦ 11 ላይ ያሉት -47 እና -51። 6 ላይ ያሉት አምስቱም ከ-80 እስከ -88 ናቸው።

ጋሽ አንቴና፦ ይኸውልህ! ራውተርህ ራስ ቆጠረ እንጂ ብርታታቸውን አልለካም። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። -47 ግድግዳ የሚጋራህ ጎረቤት ነው፤ ማታ ፊልም ሲከፍት የቻናሉን ጊዜ ይበላዋል። -85 ከማዶ ብሎክ ነው፤ ያን ያህል አያስቸግርህም። 6ን ያዝ።

አንዳንድ ራውተር የሚያየው ስንት ዋይፋይ እንዳለ ብቻ ነው። ሻል ያለው ቻናሉ ከመቶ ስንት እጅ ጊዜውን ተይዞ እንደነበር ይለካል። ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር የጫናችሁ ካላችሁ፣ ውስጡ ያለው ሆስትኤፒዲ የሚባለው ፕሮግራም አውቶ ሲባል የተያዘውን ጊዜና የጫጫታውን መጠን አይቶ ነው የሚመርጠው። ግን እሱም የሚለካው የዚያችን ሰዓት ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሥራ ነው። ያኔ የተመረጠ ቻናል ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም።

ሌላም አለ። ራውተር የሚያዳምጠው ከተቀመጠበት ሆኖ ነው። ኮሪደር ላይ ከብረት በሩ ጀርባ ከሰቀላችሁት፣ መኝታ ቤት ስልካችሁን የሚያውከውን ጎረቤት እሱ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ በአፕ ስትለኩ ስልኩን በምትጠቀሙበት ቦታ ቆማችሁ ለኩ፤ በምትጠቀሙበት ሰዓትም። አፑ ማይክሮዌቭን አያሳይም፤ እሱም የሚሠራው እዚሁ 2.4 ላይ ነው።

ሚኪ፦ አይፎን ላይ የቱ አፕ ነው የሚሻለው?

ጋሽ አንቴና፦ የአፕል ኤርፖርት ዩቲሊቲ። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብተህ ስካነሩን አብራ።

ሚኪ፦ ራውተርስ የቱ ይሻላል? ዋጋውስ?

ጋሽ አንቴና፦ ዛሬ ስለ ዋጋ አላወራም።

የቨርጂኒያዋ፦ ሰላም ከቨርጂኒያ። ቤቴ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። 5 ጊጋ፣ ስፋት 80፣ አውቶ፤ ቻናሉ ብዙ ጊዜ 100 ወይም 116 ነው። ስብሰባ ላይ ሆኜ ድንገት ይጠፋል። ከደቂቃ በኋላ ሲመለስ ቻናሉ ተቀይሮ አገኘዋለሁ።

ጋሽ አንቴና፦ ራዳር ነው እህቴ። 5 ጊጋ ላይ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉትን ቻናሎች ከራዳር ጋር ነው የምንጋራው። ደንቡ ዲኤፍኤስ ይባላል። ራውተሩ እዚያ ከመግባቱ በፊት 60 ሰከንድ ምንም ሳይልክ ማዳመጥ አለበት። እየሠራ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ ይወጣል፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። የሚዛወርበት ቻናልም ከእነዚሁ ከሆነ እንደገና 60 ሰከንድ ይጠብቃል። አንቺ የምታጪው ደቂቃ ይኼ ነው።

የአንቺ ሰፈር ደግሞ ልዩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ማረፊያዎች አካባቢ አደገኛ ነፋስ የሚከታተል ራዳር አለ፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉትም አላቸው። የሚሠራው ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ነው፤ ቻናል 120፣ 124 እና 128 እዚያ ውስጥ ናቸው። ስፋቱ 80 ሆኖ 116 ላይ ስትሆኚ ከ116 እስከ 128 ያለውን በሙሉ ትይዢያለሽ፤ ራዳሩ ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። አንዳንዴም ራውተሩ ራዳር ያልሆነውን ራዳር መስሎት ይሸሻል። ከ36 እስከ 48 ወይም ከ149 እስከ 161 ባሉት ላይ ቆልፊው። አውቶ አትበይው።

የፍራንክፈርቱ፦ እኔ ጀርመን ነኝ። 2.4፣ ስፋት 20፣ አውቶ 13ን መርጧል። ስልኬ ይሠራል፤ ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ላፕቶፕ ግን የዋይፋዩን ስም እንኳ አያየውም።

ጋሽ አንቴና፦ አሜሪካ የተለመደው እስከ 11 ነው። ለዚያ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ላፕቶፖች 12ንና 13ን ጭራሽ አያዳምጡም። 1፣ 6 ወይም 11 አድርገው። አዲስ አበባ ያላችሁም ከአሜሪካ ዕቃ የሚመጣላችሁ ልብ በሉ።

ቦሌ ቴክ፦ 13 ካለማ 1፣ 5፣ 9፣ 13 ብንጠቀም አራት ቻናል አናገኝም?

ሀና ኔትወርክ፦ ጎረቤትህ 6 ላይ ሆኖ አንተ 5 ብትገባስ?

ቦሌ ቴክ፦ ሁሉም ሰው ቢስማማ ነው ያልኩት።

ጋሽ አንቴና፦ አይስማማም። ሰፈሩ 1፣ 6፣ 11 ላይ እያለ 5 እና 9 ያው ቅድም ያልነው 3 ናቸው። ስፋቱንም 20፤ ደግሜ እላለሁ፣ 20።

ዮኒ፦ ጋሼ፣ የእኔ ራውተር ሚኒ ዩፒኤስ ላይ ነው። መብራት ቢሄድም አይጠፋም። 2.4፣ 20፣ አውቶ፣ ቻናል 11። እኔም አውቶውን ላጥፋ?

ጋሽ አንቴና፦ አጥፋው፣ 11 ላይ ቆልፈው። አንተ እንዲያውም ዕድለኛ ነህ። መብራት ሲመጣ ከሁሉም ቀድመህ ሥራ ላይ ያለኸው አንተ ነህ፤ የሚነሱት ራውተሮች የሚሰሙት አንተን ነው፣ ከ11 ይሸሻሉ። አውቶ ላይ ከተውከው ግን አንድ ቀን ባትሪው አልቆ ከሁሉም ጋር እኩል ትነሳለህ።

ካፌ 22፦ ካፌ አለኝ። ሦስት አክሰስ ፖይንት ለየብቻቸው አውቶ ላይ ናቸው። ባንዱ ሁለቱም፣ ስፋቱ 2.4 ላይ 40፣ 5 ላይ 80። ደንበኞች ድንገት ይጠፋል ይሉኛል።

ጋሽ አንቴና፦ 40ውን ዛሬውኑ አውጣ። አንዱን 1፣ አንዱን 6፣ አንዱን 11 አድርግ። 5 ላይ ስፋቱን 40 አድርገህ 36ን፣ 44ን እና 149ን ያዝ፤ አገር የሚለው ላይ ኢትዮጵያ ተመርጦ ዝርዝሩ ውስጥ ካሳየህ። የሲግናላቸውን ኃይልም ዝቅ አድርግ፤ አንድ ካፌ ውስጥ ሦስቱም እስከ መጨረሻው መጮህ የለባቸውም።

የሚጠፋበት ምክንያት ይህ ነው። አክሰስ ፖይንት ቻናል ሊቀይር ሲል አስቀድሞ ያስታውቃል። ደህናው ስልክ አብሮት ይሄዳል። አንዳንዱ፣ በተለይ የቆየ ዕቃ፣ ማስታወቂያውን ችላ ይለውና ይቀራል። ከዚያ ፈልጎ እስኪያገኘው ደንበኛህ ተቋረጠ ይላል።

ሀና ኔትወርክ፦ በኮንትሮለር፣ ሁሉንም አክሰስ ፖይንቶች ከአንድ ቦታ በሚያዝ ዕቃ፣ የሚሠሩትስ? ሆቴል ውስጥ አውቶ ላይ ትተናቸው ደህና ናቸው።

ጋሽ አንቴና፦ እነሱ ሌላ ናቸው፤ አውቶ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ኮንትሮለር ሁሉም አክሰስ ፖይንቶች የሚሰሙትን አንድ ላይ አይቶ ነው የሚያከፋፍለው። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኮንትሮለር ካልነካሽው በየ10 ደቂቃው ያሰላል። ብቻ የመቀየሪያውን ሰዓት እንግዳ የሚተኛበት አድርጊው።

ናቲ፦ ጋሼ አነበብኩ። 2.4፣ ቻናል 9፣ ስፋት 40። ሪፒተር (የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል የሚያደርሰውን) ከገዛሁ ወዲህ ነው መቆራረጥ የጀመረው።

ጋሽ አንቴና፦ አሁን ገና ተግባባን። ሪፒተሩ የራሱ ቻናል የለውም፤ ዋናውን ራውተር ነው የሚከተለው። ዋናው በአውቶ ቻናል በቀየረ ቁጥር ሪፒተሩ ይጠፋበታል፤ ፈልጎ እስኪያገኘው አንተ ኔት የለህም። ዋናውን 6 ወይም 11 ላይ ቆልፍ፣ ስፋቱን 20። ከዚያ ሪፒተሩን አንዴ አጥፍተህ አብራው። ሪፒተሩ ላይ ምንም አትቀይር።