ስለ ጅብ ጠይቁኝ

የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ነው። ሌሊት የጅብ ድምፅ አይጠፋም፤ ዓመታት ተከታትያቸዋለሁ። ለጠየቃችሁኝ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጅብ እየጠፋ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ?

የትኛው ጅብ? አራት ዓይነት አለ። አንተ የምትሰማው ነጠብጣቡን ነው። በመላው አፍሪካ ከ27,000 እስከ 47,000 ይገመታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት «ብዙም አያሰጋም» ብሎ መድቦታል፤ ቁጥሩ ግን እየወረደ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ባለመስመሩ ነው። ከአፍሪካ እስከ ሕንድ ተበትኖ፣ ለመራባት የደረሰው 10,000 አይሞላም። አፋር ቆላ ውስጥ አለ። እሱና የደቡብ አፍሪካው ቡናማ ጅብ ለአደጋ ተቃርበዋል። ምስጥ በሊው ትንሹ ጅብ ለጊዜው ደህና ነው።

ጥያቄ፦ እውነት ጅብ ወንድም ሴትም ነው?

አይደለም። የሴቷ ብልት ከወንዱ ጋር ስለሚመሳሰል ነው እንዲያ የሚባለው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት።

ጥያቄ፦ አህያዬን የበላብኝ ሁዳዴ ላይ ነው። ለምን በጾም ይብሳል?

አይዞሽ እህቴ። በጾም ሥጋ አይታረድም፤ ትርፍራፊ የለም። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ እዳሪ መርምረው ነበር። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጾሙ 33 ገባ። እኔም መንገድ ዳር አንዱን ሰብሬ አይቻለሁ። ከአጥንቱ የተነሳ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ውስጡ ግራጫ ፀጉር ተጠቅልሏል።

ጥያቄ፦ መርዝ ባደርግስ? ጥጃዬን ጨረሰብኝ።

አባባ፣ እባክዎን ይተዉት። የተመረዘ ጥንብ መንጋውን ሁሉ ይፈጃል። የጎረቤት ውሻም ይሞታል። ጥንብ አንሳውም ያልቃል፤ እሱ ደግሞ ከጅቡ በባሰ አደጋ ላይ ነው። ጅብ ግልገሏን ከዓመት በላይ ታጠባለች። የሌላዋን ልጅ የምታጠባ እምብዛም የለችም። እናትየዋ ከሞተች ግልገሎቹ ጉድጓድ ውስጥ እየጠበቋት በረሃብ ያልቃሉ።

መቀሌ ላይ የተሠራ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ አስልቷል። ያ ባይነሳ አባሰንጋ ይዞ የሚመጣው እኛው በረት ነው።

ጥጃዎን በር ባለው በረት ያሳድሩ፤ አጥሩን በእሾህ ያጥብቁት። የሞተ ከብት ሲኖር ከቤት አርቀው ይጣሉት።