መልስ፦ በሃምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ የቁጥቋጦ አጥርን በግንብ ስለመተካት

በለንደኑ ሃምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ የአጥርዎን ቁጥቋጦ በግንብ ለመተካት የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ብቻ ይበቃ እንደሆነና ጎረቤቶችዎ ለምን እንደተቆጡ ጠይቀዋል። አይበቃም። የአካባቢው የባርኔት ማዘጋጃ ቤት ቢፈቅድልዎ እንኳ፣ የቤትዎን የቁጥቋጦ አጥር ነቅለው ግንብ ለመሥራት የሰፈሩን ገጽታ የሚጠብቀው ትረስት (የአደራ ድርጅት) ለብቻው መፍቀድ አለበት፤ ቤቱን ከነመሬቱ የገዙት ቢሆንም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአስተዳደር ደንብ ይመለከትዎታል። ግንብ ይፈቀዳል ብዬም አልጠብቅም።

ሄንሪዬታ ባርኔት በ1907 እ.ኤ.አ. ይህን የለንደን ሰፈር ሲመሠርቱ ቤቶቹ በግንብ ፋንታ በተክል አጥር እንዲለያዩ፣ ባለጠጋውና ዝቅተኛ ገቢ ያለው በአንድ ሰፈር እንዲኖሩ፣ ጫካውና የአትክልት ስፍራውም የኪራዩ መጠን ሳይታይ ለነዋሪው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ነበር ያቀዱት። ጎረቤቶችዎ የተቆጡት ይህን ስለሚወዱት ነው፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ።

ከመንገደኛ ዓይን መከለል ከፈለጉ የሳሳውን ቦታ በዚያው ዓይነት ተክል ይሙሉት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ሠራተኞች ፈቃዱ ሳይደርስ ሥራ ለመጀመር ይቸኩላሉ፤ ነቅለው ከጨረሱ በኋላ መልሰው እንዲተክሉ የተገደዱ ሰዎችን አይቻለሁ። በአጥሩ መካከል ያደገ ዛፍ ካለም፣ ግንዱ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ፣ ከመቁረጥዎ 6 ሳምንት በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።