መሠረትና አፈር፦ ስንጥቁን ከመድፈናችሁ በፊት ውኃውን ፈልጉ (ጥያቄና መልስ)

ስለ ቤት መሠረትና ስለ አፈር ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አብዛኞቻችሁ «ስንጥቁን በምን ልድፈነው?» ነው የምትሉት። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃችሁ ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ አፈሩን የሚያርሰው ወይም የሚያደርቀው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር። በበጋ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይከፈታል። ክረምት ሲገባ መልሶ ይጠብባል። ግንበኛው «የልስን ነገር ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ። የልስን ስንጥቅ ቀጫጭን ነው፣ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ ባለበት ይቆማል። ያንቺ ግን ከወቅቱ ጋር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህ የአፈር ሥራ ነው። ቤቱ ያረፈው ኮቲቻ ወይም ዋልካ የምንለው የሚያብጥ አፈር ላይ ይመስላል።

የዚህ አፈር ሸክላ በዓይን የማይታዩ ስስ ቅንጣቶች አሉት፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ነው የተቀመጡት። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ማዕድን ሲበዛበት ውኃ በየገጹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል። አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና መሬቱ ይሰነጠቃል። ኃይለኛው ዓይነት ሲያብጥ በካሬ ሜትር 20 ቶንና ከዚያ በላይ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ፎቅ የሌለው ቤት መሬቱ ላይ የሚጭነው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ አፈሩ ቤቱን ያነሳዋል።

እኩል ቢያነሳው ኖሮ ባልከፋ። ከቤቱ መሃል ሥር ያለው አፈር በወለሉ ተሸፍኗል፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ቶሎም አይርስም። ጠርዙን ግን ፀሐይም ዝናብም ያገኘዋል። በበጋ ማዕዘኑ ይወርዳል፣ በክረምት ይነሳል። ግድግዳ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም፤ ደካማ ቦታውን ፈልጎ ይሰነጠቃል። ያ ደካማ ቦታ የበርና የመስኮት ጥግ ነው። አሁን ብትደፍኚው በሚቀጥለው በጋ እዚያው አጠገቡ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ቤቴ እዚህም እዚያም ስንጥቅ አለው። የትኛው ነው የሚያስፈራው? ሁሉንም ለማሠራት አቅም የለኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ሁሉንም ማሠራት አያስፈልግዎትም። ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ቀለም ሲቀቡ ይሸፍኑታል። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ይጠገናል፤ ግን ቆሞ እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ከ5 እስከ 15 ከሆነ ባለሙያ ጠርተው ያሳዩ። ከ15 ካለፈ፣ በሮቹም መዝጋት እምቢ ካሉ፣ ጊዜ አይስጡት። 25 ከደረሰ ግድግዳው ራሱ ሊያሰጋ ይችላል።

ከስፋቱ ይልቅ ዋናው ግን እንቅስቃሴው ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ምስማር ይምቱ። በሁለቱ ምስማር አናት መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር (ትንንሽ ርቀት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለክተው ግድግዳው ላይ ከነቀኑ በእርሳስ ይጻፉ። በየወሩ ይድገሙት፤ ዓመት ሙሉ። ርቀቱ ካልተለወጠ እንቅስቃሴው አልቋል፣ ደፍነው ይተኙ። እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ የወቅቱ እርጥበት ነው። ሳይመለስ እየሰፋ ብቻ ከሄደ ግን መሠረቱ እየወረደ ነው። ያ ማስታወሻ ለሚመጣው መሐንዲስ ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ስንጥቁ በአንድ ማዕዘን ብቻ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ በኩል። ሌላው ቤት ደህና ነው።

መልስ፦ ቱቦ ጠርጥር። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጋና ቆጣሪውን እይ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ ከመሬት ሥር ውኃ እየጠፋ ነው። የፍሳሹ ቱቦ ግን ቆጣሪ ላይ አይታይም፤ እሱን ጫፉን ደፍኖ ውኃ በመሙላትና ውኃው ይወርድ እንደሆነ በማየት ነው የሚፈትኑት። አሸንዳውንም አትርሳ። የጣሪያው ውኃ በሙሉ በአንድ መውረጃ ወርዶ ማዕዘኑ ሥር የሚፈስ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አትሂድ።

ጥያቄ፦ ቦታ ልገዛ ነው። አፈሩን ራሴ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ለመጠርጠር ያህል ትችላለህ። በደረቅ ወቅት ሂድ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካየህ ነገሩ ግልጽ ነው። ካላየህ የላዩን አፈር አልፈህ ከታች ጥቂት አውጣ፣ አርጥበው፣ በመዳፍህ አሽከርክረው። 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል ክር እስኪሆን ሳይበጠስ ከቀጠነ ሸክላ አለበት። ሌላም አለ። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ የተነፋ አፈር መለኪያ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ከብዙ ውኃ ጋር አድርገህ ለ24 ሰዓት ተወው። ከታች የሚያርፈው አፈር ከ15 ሚሊ ሊትር ካለፈ ተጠንቀቅ። 20 ከደረሰ ያለ አፈር ምርመራ መሠረት እንዳታስቆፍር። እነዚህ ግን ጥርጣሬ ለማንሳት እንጂ መሠረት ለመንደፍ አይበቁም፤ ለዚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ናሙናው ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ኮንትራክተሩ ጥቁሩን አፈር 1 ሜትር ተኩል ቆፍሮ በሰለክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) ሊሞላው ነው። ይበቃል?

መልስ፦ በጎ ሐሳብ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ወቅቱ ሲቀየር እርጥበቱ የሚለዋወጠው እስከ ስንት ሜትር ጥልቀት ነው? አንዳንድ ቦታ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ያኔ አንድ ሜትር ተኩሉ ችግሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ሙሌቱ በምን ዓይነት ንጣፍ ነው የሚጠቀጠቀው? 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተነጠፈ፣ በልኩ እየረጠበ፣ በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ መድረሱ እየተፈተነ መሆን አለበት። አንዴ ገልብጦ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ሙሌት አይባልም።

ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ይኼ ነው። ውኃ የሚያሳልፍ ሙሌት ውኃ ቶሎ በማያሳልፍ ሸክላ ጉድጓድ ውስጥ ስትሞላ የዝናቡ ውኃ እዚያ ገብቶ ይጠራቀማል፤ ሥሩ ያለው ሸክላ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። መውጫ ቱቦ ከሌለው፣ ከላይም ውኃ በማያሳልፍ ነገር ካልተሸፈነ፣ ያ ሁሉ ወጪ ችግሩን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ደህና ነው፤ ወለሉ ብቻ ይሰምጣል። ቦታው ድሮ ጉድጓድ ነበር ይላሉ።

መልስ፦ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ነው። ቆሻሻ ተቀብሮበት ከሆነ ደግሞ እየበሰበሰ ለዓመታት ይወርዳል። ወለሉን በስቶ በውኃ የቀጠነ ሲሚንቶ ወይም የሚያብጥ ፎም ከሥሩ በግፊት ማስገባት ይቻላል፤ ሙሌቱ መውረዱን ካላቆመ ግን ይደገማል።

ጥያቄ፦ ከግድግዳው አጠገብ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ። ልቁረጠው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ዛፉ አፈሩን እያደረቀ መሠረቱን ሊያወርድ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ዛፉ ከቤቱ በፊት የነበረ ከሆነ ቤቱ የተሠራው ዛፉ ባደረቀው አፈር ላይ ነው። አሁን ብትቆርጠው አፈሩ ውኃውን መልሶ ይጠጣና ያብጣል፤ ቤቱን ለዓመታት ወደ ላይ ሲገፋ ይኖራል። መጀመሪያ ማን ቀደመ የሚለውን አጣራ። አዲስ የምትተክል ከሆነ ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ አርቀው።

ጥያቄ፦ መሠረቱ በእርግጥ ወርዷል ተብያለሁ። ጥገናው ምን ይመስላል? አንዱ ኤፖክሲ (ስንጥቅ የሚያጣብቅ ሙጫ)፣ ሌላው ፓይል (ወደ ጥልቅ አፈር የሚወርድ ምሰሶ) ይለኛል።

መልስ፦ ኤፖክሲ የቆመ ስንጥቅ ይጠግናል። የሚሄድ መሠረት አያቆምም። መሠረቱ ከወረደ ክብደቱን ወደማይንቀሳቀስ አፈር ማውረድ ነው መፍትሔው። የቆየው ዘዴ ከመሠረቱ ሥር እየቆፈሩ በአርማታ ማስረዘም ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ፦ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ብቻ ይቆፈር፣ ቀጥሎ ያለውን ዘሎ። አርማታው ሳይጠነክር ጎኑን አይንኩት። ሙሉውን ግድግዳ ሥሩን ባዶ ያስቀሩ ሠራተኞች ቤት አፍርሰዋል፤ ሕይወትም ያስከፍላል። ጠንካራው አፈር ሩቅ ከሆነ ቀጭን የብረት ፓይል ወይም እየተሽከረከረ የሚገባ ፓይል ይወርዳል፤ ቤቱም በሃይድሮሊክ ክሪክ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ብለህ አትጨቅጭቃቸው። ብዙ ማንሳት አዲስ ስንጥቅ ያመጣል።

ሁሌ ማንሳትም ግዴታ አይደለም። በ1173 ግንባታው የተጀመረው የፒሳ ግንብ ለስላሳ ሸክላ ላይ አርፎ ነው ያጋደለው። ያዳኑት መሐንዲሶች የወረደውን ጎን አላነሱም፤ ከፍ ካለው ጎን ሥር አፈር ቀስ በቀስ እያወጡ አናቱን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ መለሱት። አፈሩን የተረዳ ሰው ሥራ ነው።

ፓይሉን ከመፈረምህ በፊት ግን ዙሪያውን አስተካክል። መሬቱ ከግድግዳው ርቆ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ የአሸንዳው ውኃም ከዚያ አልፎ ይፍሰስ። ይህን አድርገው አንድ ዓመት ሲለኩ እንቅስቃሴው የቆመላቸው አሉ።

ጥያቄ፦ በበጋ በቤቱ ዙሪያ ውኃ ማጠጣት ይረዳል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ለሚያብጥ አፈር ይረዳል፤ ግን በጥቂቱና ዙሪያውን እኩል ከሆነ ብቻ። በአንድ በኩል ብቻ ካጠጣሽ ያንን ጎን ታነሺዋለሽ። አፈሩ ተሰነጣጥቆ ከግድግዳው ከተላቀቀም ስንጥቁ ውስጥ ውኃ አትልቀቂ፤ ቀጥታ መሠረቱ ሥር ይገባል። ከእሱ ይልቅ ከግድግዳው ጋር በደንብ የተያያዘ፣ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ዙሪያውን አሠሪ። በጋም ክረምትም ይሠራልሻል፣ ጠዋት ማታ ጎማ ይዞ መዞርም የለም።