«እኔን ማን ያስቀብረኛል?»

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት ወንድ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ነው። የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ እስከ 10ኛ ክፍል ቀድሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ እያነበብኩና እየጠየቅሁ ቀስ በቀስ ማመን አቆምኩ፤ አሁን ፈጣሪ አለ ብዬ አላምንም። ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤት ተከራይቼ፣ እናቴን ከዘጌ አምጥቼ አብረን እንኖራለን። ባለፈው ሁዳዴ ነገሩን በግልጽ ነገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። አንድ ረቡዕ ሥጋ ጠብሼ ብበላ ድስቱን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠችው። ‹ረቡዕና ዓርብን እንኳ ተው› ትለኛለች። ስከራከራት ‹እኔን ማን ያስቀብረኛል?› ብላ ታለቅሳለች። በለቅሶ ልታስገድደኝ ነው። ማስረጃ ባቀርብላትም አትሰማም። አንዳንዴ ሌሊት ስነቃ ውዳሴ ማርያም አፌ ላይ ይመጣል፤ ይሄም ያናድደኛል። እንዴት አድርጌ ላሳምናት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የደብዳቤህ ሰፊው ክፍል ለምን ማመን እንዳቆምክ የሚያስረዳ ነው። ቦታ ስለጠበበን እዚህ አላተምነውም፤ ለእኔም ልታስረዳኝ አይገባህም። ማመንና አለማመን የገዛ ኅሊናህ ጉዳይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የእምነትና የኅሊና ነፃነትህን ይጠብቅልሃል። ወደ እምነት ልመልስህም፣ በአቋምህ ላጸናህም አልሞክርም።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ እናትህ የተናገሩትን ብቻ ለይቼ አሰመርኩበት። የድስቱ ነገር አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ «ማን ያስቀብረኛል» አለ። ፈጣሪ መኖሩን አስመልክቶ ከአፋቸው የወጣ አንድ ቃል የለም። ያን ሁሉ ማስረጃ ይዘህ የምትሟገተው እሳቸው ባላነሡት ጉዳይ ላይ ነው፤ አይሰሙኝም ያልከውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሃይማኖቱን ከተወ ሰው ጋር ቤተሰብ የሚጋጭበት ቦታ ሰውየው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ይለያያል። በፕሮቴስታንት ቤት ላደገ ሰው ጌታን መቀበሉን በገዛ አንደበቱ መመስከሩ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የሚደነግጠው ማዕድ ላይ «ጸልይ» ሲሉት ዝም ሲል ነው። በሙስሊም ቤት ያደገው ቤተሰቡ ለሶላት ሲነሣ ቁጭ ማለቱ በቀን አምስት ጊዜ ይታያል፤ ከሁሉም የሚከብደው ግን አባቱ ሲሞቱ ጀናዛቸው ላይ ከወንድሞቹ ጋር ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም የሚለው ነው። አንተ ያደግህበት ቤት እምነቱን የያዘው በቀን መቁጠሪያው፣ በማዕዱና በቀብሩ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረጋል፣ በ40ው ተዝካር ይወጣል፣ 80ውና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። እናትህ ስለ ፈጣሪ መኖር በዕድሜያቸው ከማንም ጋር ተከራክረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ግን ሳይነጋ ያውቃሉ።

ስለዚህ ድስቱን ቀለል አድርገህ አትየው። በጿሚ ቤት የጾሙና የፍስኩ ድስት ለየብቻ ነው። የሸክላ ድስት ደግሞ ቅባት ይመጥጣል፤ ሥጋ ከተጠበሰበት በኋላ ምንም ቢታጠብ የጾም ሽሮ አይሠራበትም። እናትህ አውጥተው የሰጡት የጾሙን ድስት እንደሆነ እገምታለሁ፤ የፍስኩን ቢሆን ኖሮ የሚሰጡበት ምክንያት አይታየኝም። ሥጋውን መብላት መብትህ ነው። የእሳቸውን የጾም ዕቃ መንካት ግን የእሳቸውን ጾም መንካት ነውና በዚህ ነገር እናትህ ልክ ናቸው። ዲያቆን ሆኖ ያደገ ሰው የትኛው ድስት የምን እንደሆነ ይጠፋዋል ብዬም ለማመን ይከብደኛል።

ታዲያ ለምን አደረግኸው? የሌሊቱን ነገር ከዚህ ጋር አያይዤ ነው ያነበብኩት። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ፣ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ የሚደገም ነው፤ አንተም በልጅነትህ በዜማና በድግግሞሽ በቃልህ ያዝከው። እንዲህ የተያዘ ነገር ሐሳብ ስለተቀየረ ከአፍ አይጠፋም። በ2021 እ.ኤ.አ. በዳሪል ቫን ቶንገረን የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ባወጣው ጥናት፣ ሃይማኖታቸውን የተዉ ሰዎች በአመለካከታቸውም በድርጊታቸውም በአማኞችና ሃይማኖት ኖሯቸው በማያውቁ ሰዎች መካከል ሆነው ተገኝተዋል። ሌሊት አፍህ ላይ የሚመጣው ዜማ ተደብቆ የቀረ እምነት እንዳለህ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ድክመትም አይደለም። ልጅነትህ ነው።

ስላቆምከው ነገር ብዙ ጽፈሃል፤ ስላጣኸው ግን አንድ መስመር የለም። የኔታን፣ አብረውህ የቀደሱትን ልጆች፣ ሌሊት ተነሥቶ ኪዳን ማድረስን አጥተሃል። ውሳኔው የራስህ ስለሆነ ሐዘኑ የማይገባህ መስሎህ ይሆናል። ሐዘን መውጫ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ቁጣ ሆኖ ይወጣል፤ የሚያርፈውም ያን የድሮውን ዓለም ይዞ ከጎናችን በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ግምቴ ነው፤ አንተ ራስህን መርምር።

አሁን ወደ እናትህ ጥያቄ ልምጣ። ከዘጌ እንዳመጣሃቸው በግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፍከው፤ እኔን የያዘኝ ግን እሱ ነው። እናትህ ዘጌ ሳሉ ዕድር ነበራቸው፣ የጽዋ ማኅበር ነበራቸው፣ የንስሐ አባት ነበራቸው፤ ሲሞቱ ማን ቄስ እንደሚጠራ፣ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ የት እንደሚቀበሩ የታወቀ ነበር። ሽምብጥ ሲመጡ ይህን ሁሉ ትተው ነው። ከዚያ ዓለም አብሯቸው የቀረው ዲያቆኑ ልጃቸው ብቻ ነበር፤ እሱም በሁዳዴ «እኔ የለሁበትም» አላቸው። እንግዲህ «ማን ያስቀብረኛል?» ማለታቸው እንደ ቃሉ ሊወሰድ ይገባዋል። ፍትሐቱን የሚያስፈታው፣ ለቀስተኛ የሚቀበለው፣ ተዝካሩን የሚያወጣው ልጅ ነውና እሱ የዚያን ቀን ከደጅ ይቀር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ለአንተም ይፈራሉ፤ ሰው ሲሞት «የንስሐ አባቱ ማን ነው?» መባሉ እንደማይቀር ያውቃሉ። ይህን እንደ ማስገደጃ መቁጠርህ እናትህን የበደልክበት ይመስለኛል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ማመን አያስፈልግህም። በደንብ ካሰብክበት በኋላ፣ ከልብህ ከሆነ ብቻ፣ «እማዬ፣ እንደ ሥርዓትሽ አስቀብርሻለሁ፤ ተዝካርሽን አወጣለሁ፤ ከፊት እቆማለሁ» በላቸው። ሌላ ነገር አትጨምርበት፤ «ባላምንበትም» የምትለዋን እንኳ ተዋት፤ ያውቁታል። ከዚያ ዕድራቸው አሁን የት እንደሆነ ጠይቅ። የዘጌው መዋጮ ተቋርጦ ከሆነ አስቀጥል፣ ወይም ሽምብጥ እንዲመዘገቡ እርዳቸው። በየወሩ በ16 ዘጌ ወዳለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ ይወዱ እንደሆነ ጠይቃቸውና ጀልባ ድረስ ሸኛቸው፤ ከተመቸህም አብረህ ተሻገር።

የፍስክ ድስት የራስህን ግዛ፤ በጾም ቀን ሥጋ ካማረህ ውጭ መብላት ለጊዜው ይሻላል። ክርክሩን አንተ አታንሣው፣ በተለይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም። እሳቸውን ለማስደሰት ብለህ ግን አትቁረብ፤ ሳያምኑ መቁረብን እምነቱም አይፈቅደውም፣ የቀረውን መተማመንም ይጎዳል። እናትህ ወዲያው ላይለወጡ ይችላሉ፤ «ረቡዕን ተው» ማለታቸውም ላይቀር ይችላል። ዓመት ሊፈጅ ይችላልና ታገሥ።

ሌሊት የምትነቃበት ነገር ካልቀነሰ፣ ወይም ቀን ሥራህን የሚያስተጓጉል ቁጣና ድብርት ከያዘህ፣ በደብዳቤ የሚፈታ አይደለም። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ በአካል አነጋግር። ባለሙያው ሊሰብክህም ሆነ ከእናትህ ጋር ሊያከራክርህ ከሞከረ ሌላ ፈልግ። መጀመሪያ ብቻህን ሂድ፤ እናትህን ይዘህ የምትሄደው እሳቸው ከፈቀዱ ብቻ ይሁን።