መልስ፦ ኮሌስትሮል ሲወርድ ነርቭ ይጎዳል ወይ?
እህቴ፣ አባትሽ ስኳር አለባቸው፣ አቶርቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል የሚያወርዱ መድኃኒቶች አንዱ) ይወስዳሉ፣ አሁን እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ጎረቤት ደግሞ «ነርቭ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ መድኃኒቱን ያቁሙት» አላቸው ነው ያልሽው አይደል? ግማሹ እውነት ነው። ነርቭን እንደ ገመድ ላስቲክ የሚሸፍነው ማይሊን አብዛኛው ስብ ነው፣ ኮሌስትሮልም በብዛት አለበት፣ እንደውም አንጎል ከክብደታችን 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከሰውነታችን ኮሌስትሮል ግን 20 ፐርሰንት አካባቢ የያዘው እሱ ነው። ግን እኮ ያንን ራሱ እዛው ያመርተዋል እንጂ የደሙ ወደዛ አያልፍም። የእግር ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች የፈራረሰውን ማይሊን ይበሉትና ኮሌስትሮሉ ለጥገና ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ቅቤ ጨምሮ ነርቭ መጠገን የሚባል ነገር የለም (የሚሉ አሉ እኮ!)። ጥገናውም ቀርፋፋ ነው፣ የተቆረጠ ነርቭ ቢያድግ ቢያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ስታቲን በብዛት የሚታማው በጡንቻ ሕመም ነው፣ ነርቭ ላይ ችግር ቢያመጣም ብርቅ ነው። ማቃጠሉ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስኳሩን ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒትም ከወሰዱ ብዙ ጊዜ ከሆናቸው ቫይታሚን ቢ12 ይታይላቸው፣ መድኃኒቱ ሊያወርደው ይችላል፣ የሱ ማነስ ብቻውን ነርቭ ይጎዳል። ስታቲኑን ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ ስኳር ላለበት ሰው ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ የሚጠብቅ ነገር ነው። ለሐኪሙ ማቃጠሉን ንገሩት፣ ደግሞ ማታ ማታ የእግራቸውን መዳፍና በጣቶቻቸው መሀል እዪላቸው፣ ቁስል ቢኖር ላይሰማቸው ይችላል።