ሳምንቱ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሳምንታቸውን ቁጭ ብሎ መለስ ብሎ ስለማየት ከጻፉልን አንባቢዎች ሰባቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሳምንቱ የት እንደገባ አላውቀውም። ከዚህ በፊት ደብተር ገዝቼ በየሳምንቱ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተውኩት። ምን እንደሚጻፍም በደንብ አልገባኝም። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከደብተሩ ሳይሆን ከስልክዎ ይጀምሩ። አብዛኛው ሰው ብዕሩን ያነሣና «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የሚመጣለት ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው። ዓርብ ከአለቃው ጋር ከተነጋገረ ሳምንቱ በሙሉ የከፋ ይመስለዋል፤ ሰኞ የጨረሰው ትልቅ ሥራ ትዝም አይለው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለማሰብ ሳይሆን ለመልቀም ያውሏቸው። የጥሪ ዝርዝርዎን፣ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችን፣ የሳምንቱን ፎቶዎች ከሰኞ ጀምረው ይመልከቱ። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት የት እንደነበሩ ከእርስዎ ይልቅ የከፈሉበት መልእክት ያስታውሳል። መልእክቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ስለሆነ ከቀትር እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ላለው 6 ይቀንሱ፤ 14:05 ማለት 8 ሰዓት ከ5 ነው።

ያገኙትን በቀን በቀኑ፣ ለአንድ ቀን አንድ መስመር አድርገው ያስፍሩ። ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። ለምሳሌ፦

ሰኞ፦ ወርኃዊ ሪፖርት አለቀ፤ እናቴ ጋ ደወልኩ
ማክሰኞ፦ ሲስተም ጠፋ፤ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቢሮ
ረቡዕ፦ ለቅሶ፤ የማታ ትምህርት ቀረ

ቀጥሎ 5 ደቂቃ፦ ከየመስመሩ ጎን ምልክት ያድርጉ። እንዲደገም ለሚፈልጉት የመደመር ምልክት፣ ለከበደዎት የመቀነስ ምልክት፣ ተጀምሮ ላልተቋጨ ክብ። ምክንያት አይጻፍም፣ ምልክት ብቻ።

የመጨረሻው 10 ደቂቃ ለሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነው። አንደኛው ከመደመሮቹ መካከል የትኛው እንዲደገም እንደሚፈልጉና ምን እንዳመቻቸው፤ ሁለተኛው ከክቦቹ አንዱ በትክክል የትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ፤ ሦስተኛው በሚመጣው ሳምንት የሚለውጡት አንድ ነገር። ይህ ሦስተኛው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሊኖረው ይገባል። «እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» አይበቃም። «ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ እራት ሳይቀርብ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ምዕራፍ 3 መልመጃ» ይበሉ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርጉት አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ምኞት ብቻ ከያዙት በተሻለ እንደሚፈጽሙት አሳይቷል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚቋረጥበትን ምክንያት እንገምታለን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሦስት ገጽ ተጻፈ። ሁለተኛው ላይ ሦስት ገጽ የሚሞላ ጊዜ ጠፋና በግድ ሁለት ሆነ። ሦስተኛው ላይ ደብተሩ ራሱ ዕዳ መሰለ። መድኃኒቱ ገደብ ነው፦ አንድ ሳምንት አንድ ሉክ፣ ከዚያ ማለፍ የለም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀር ያልቃል። አንድ ሳምንት ካመለጠዎት ወደ ኋላ ተመልሰው አይሙሉት። ቀኑን ጽፈው «አለፈ» ይበሉና ይቀጥሉ፤ ውዝፍ ለመሙላት የሞከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ያቆማል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እሑድ ማታን አንመክርም። የሰኞ ሐሳብ ገብቶ ሁሉንም ያጠቁረዋል። እርስዎ ቅዳሜ እስከ ቀትር ስለሚሠሩ ከቢሮ ሳይወጡ፣ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ ቢያደርጉት ይሻላል። ቤት ከገቡ በኋላ እንግዳም ገበያም አለ።

ጥያቄ፦ ሪያድ በቤት ሠራተኝነት ነው የምኖረው። ቋሚ የዕረፍት ቀን የለኝም፤ ደብተር ብይዝ ደግሞ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። ለእንደኔ ዓይነት ሰው የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ፣ እህታችን። ሳምንት የግድ በእሑድ ወይም በዓርብ መዘጋት የለበትም። በየሳምንቱ ሳይቀር የምታደርጊውን አንድ ነገር ፈልጊና ከእሱ ጋር እሰሪው፤ ለምሳሌ አገር ቤት የምትደውይበትን ቀን። ስልኩን እንደዘጋሽ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ለራስሽ የ3 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ተዪ። ቴሌግራም በራሱ የሚስጥር ቁጥር ይቆለፋል፤ ማስተካከያው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ቁጥርሽ በእጅሽ ካለ በሌላ ስልክ ከፍተሽ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ቀኑን ተናገሪ፣ በኋላ ስትፈልጊው ያግዝሻል። ከዚያ አራት ነገር ብቻ፦ በዚህ ሳምንት በአማካይ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ምን ከበደኝ፣ ምን ደስ አለኝ፣ ለሚመጣው ምን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ደመወዝ የተከፈለሽ ሳምንት ከሆነ ቀኑንና መጠኑን ጨምሪበት፣ የላክሽበትን ደረሰኝም ፎቶ አንስተሽ እዚያው አስቀምጪ። «የሦስት ወር አልተከፈለኝም» ከማለት ይልቅ የትኞቹ ወራት እንደሆኑ በየቀናቸው የተመዘገበ ነገር ማሳየት ይሻላል። ከባዱን ጉዳይ ለምታምኛት እህት ወይም ጓደኛም አስተላልፊላት፣ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ።

በነገራችን ላይ ይኸው ምክር እስራኤል ያሉ ሰንበት አክባሪ አንባቢዎቻችንንም ይመለከታል። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ መጻፍ ስለሚቆም ዓርብ ቀትር ላይ ወይም ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ወር ሙሉ ጻፍኩ። ተመልሼ ሳነበው ገጹ ሁሉ «ሰነፍኩ»፣ «ዘገየሁ»፣ «አልረባም» ነው። ከመጻፌ በፊት ይሻለኝ ነበር። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የጻፍከው የመሥሪያ ቤት ግምገማ ነው፣ ያውም ሂስና ግለ ሂስ ያለበት። እዚያ ሰው የሚናገረው ሌሎች እየሰሙት ስለሆነ ራሱን መውቀስ ይቀድመዋል። አንተ ግን ብቻህን ነህ፤ ማንም ጥፋተኛ ሁን አላለህም።

አንድ ሕግ ያዝ፦ ካሜራ ሊቀርጸው የማይችለውን ቃል አትጻፍ። «ሰነፍኩ» አይቀረጽም። «ማክሰኞ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ቲክቶክ ላይ ነበርኩ፤ መብራት አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍት መሄድ እችል ነበር» ይቀረጻል። ሁለተኛው ላይ የሚነካ ነገር አለ፦ መብራት ሲጠፋ የት እንደምሄድ አስቀድሜ ልወስን። የመጀመሪያው ላይ ከማዘን በቀር የሚሠራ ሥራ የለም።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ፖለቲከኛና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን 13 መልካም ምግባሮች ዘርዝሮ በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ብቻ ያተኩር ነበር፤ 13ቱ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው፣ በዓመት አራት ዙር። ለተጓደለው ቀን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያስቀምጣል እንጂ ሐተታ አይጽፍበትም። ነገሮችን በሥርዓት መያዝ ከሁሉም በላይ እንዳስቸገረው ራሱ መስክሯል፤ ሆኖም መሞከሩ የተሻለና ደስተኛ ሰው እንዳደረገው ጽፏል።

ከዚህ የተለየ ጉዳይ ደግሞ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ስሜትህ ከወደቀ፣ እንቅልፍህና የምግብ ፍላጎትህ ከተዛባ፣ ደብተሩን ተወውና ጤና ተቋም ሂድ። ራስን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ከሆነ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ተናግሮ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጥያቄ፦ በአፕ ይሻላል ወይስ በወረቀት?

መልስ፦ በወረቀት። ስልኩ ለለቀማው 10 ደቂቃ ይጠቅማል፤ ከዚያ ግልብጥ አድርገው ያስቀምጡት። ገጹን መጨረሻ ላይ ፎቶ ካነሡት ደብተሩ ቢጠፋም ቅጂ አለ።

ጥያቄ፦ አንድ ጉዳይ አለኝ፣ የአባቴን የጡረታ ሰነድ ማስተካከል። በየሳምንቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። በጠቅላላ ካቀድኩት ግማሹን እንኳ አልፈጽምም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቁን፤ ከሁለተኛው እንጀምር። ካቀዱት ግማሹን አለመፈጸምዎ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የግምት ስሕተት ነው፤ የሁሉም ሰው ነው። በካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። የተማሪዎቹ ግምት በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ። «ነገሩ ሁሉ ቢበላሽስ?» ተብለው እንኳ የገመቱት 49 ቀን ገደማ ነው። ያለፈውን ሳምንት መዝገብ መያዝ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፦ የሚመጣውን ሳምንት በምኞት ሳይሆን ባለፈው ልክ ይሰፉታል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከሥራ ውጭ ሁለት ሁለት ጉዳይ ብቻ ከፈጸሙ ለሚመጣው ሦስት ይጻፉ፣ ሰባት አይጻፉ።

ከማቀድዎም በፊት ቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። የሕዝብ በዓል አለ? የእድር ስብሰባ፣ የእቁብ ዕጣ፣ ሠርግ? ጥርና ሚያዝያ ላይ ሠርጉ ብቻ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይወስዳል። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አያስይዝም፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ምሽት ባዶ ይተው። ባዶ የተዉት ምሽት ሳይነካ ከቀረ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ አባትዎ ጉዳይ። ሦስት ጊዜ የተሻገረ ነገር በዚያው መልኩ አራተኛ ጊዜ አይጻፍ፤ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይ ይሰረዛል። ይህ የሚሰረዝ አይደለም፣ ስለዚህ ይቁረጡት። «የጡረታ ሰነድ ማስተካከል» አንድ ሥራ ሳይሆን ቢያንስ አምስት ነው። የመጀመሪያው መሄድ እንኳ አይደለም፤ ምን ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ደውሎ መጠየቅና በወረቀት ማስፈር ነው፣ 10 ደቂቃ። ለሚመጣው ሳምንት እሱን ብቻ ይጻፉ። ሁለተኛው ከሚጠየቁት መካከል የትኞቹ ቤት እንዳሉ ከአባትዎ ጋር ማየት ነው። ቢሮ የሚሄዱበትን ቀን ሲመርጡ ዓርብ የምሳ ሰዓት ከሌላው ቀን እንደሚረዝም አይርሱ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል፣ ፊርማ ቢጎድል እንኳ ለመመለስ ሳምንቱ ገና አላለቀም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አብረን ብናደርገው ብለን ሞከርን፤ ሁለቱንም ጊዜ በጭቅጭቅ አለቀ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አንዳችሁ የሌላውን ሳምንት ስለገመገማችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ለየብቻችሁ ጻፉ፣ ደብተሩም አይነበብም። ከዚያ 15 ደቂቃ ብቻ አብራችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ በሚመጣው ሳምንት የሚወጣ ገንዘብ፣ ልጆቹን ማን መቼ እንደሚያደርስና እንደሚያመጣ፣ እንግዳ ወይም ማኅበራዊ ጉዳይ ካለ። ያለፈው ሳምንት አይነሣም። አንዱ ላንዱ የሚለው ያለፈ ነገር ካለ አንድ ምስጋና ይሁን፣ ያውም ቁርጥ ያለ፦ «ሐሙስ ስዘገይ ልጆቹን ስላስተኛሽልኝ»።

ቡና ላይ ግን አታድርጉት። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት ባለበት የቤት ወጪ አይወራም።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር ሆነኝ፣ ሳላቋርጥ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን ግን ተመልሼ አይቼው አላውቅም። ምን ላድርገው?

መልስ፦ በየአራት ሳምንቱ አራቱን ገጾች ጎን ለጎን ያንብቡ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። የሚፈልጉት ድግግሞሽ ነው። የመቀነስ ምልክቱ ረቡዕ ረቡዕ ላይ ይበዛል? ከሆነ ረቡዕ ምን አለ? የጾም ቀን ስለሆነ ምሳ ዘግይቶ ይሆን ወይስ ማክሰኞ ማታ የሚያስመሽዎት ነገር አለ? አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ከአራት ሳምንት በሦስቱ ከታየ ግን የሚመጣውን ወር አንዷን ለውጥ እሱ ላይ ያድርጓት።

ዓመቱን ለማየት ደግሞ ጳጉሜን ይጠቀሙባት። አምስት ቀን አለች፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በየቀኑ አሥር አሥር ሉክ ቢያነቡ ደብተሩ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ያልቃል። ሲያነቡ አዲስ ነገር አይጻፉበት፤ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገሙትን ብቻ በቀይ ያስምሩና መጨረሻው ገጽ ላይ ይገልብጧቸው። የአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እነሱን ይዞ ይጀምራል።