የጎን ሻንጣ ውስጥ ሽቦ ስላስገባሁ ዋስትናዬ ይቀራል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቼ፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከባትሪው እስከ ግራው የጎን ሻንጣ ሽቦ ዘረጋሁ። ሻንጣው ውስጥ የምታበራ ትንሽ አምፖልም ከኋላ መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጠልኩ። በስምንተኛው ወር የቤንዚን ፓምፑ ቆመ። የኋላ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ዲለሩ ሽቦውን ሲያይ ‹በቃ፣ ዋራንቲህ ወድቋል› አለኝ። መብቴ ምንድን ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲለሩ የነገረዎት ትክክል አይደለም። ሽቦ መጨመር ብቻውን ዋስትናን አይሽርም። ግን ሁለቱን ብልሽቶች ለያይተን እንያቸው፤ መልሳቸው አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባለው፣ አምራቹ «የእኔን ዕቃ ካልገጠምክ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል ይከለክለዋል። እንዲህ ማለት የሚችለው ዕቃውን በነፃ ሲሰጥ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ እንዳይመስልዎ። በ2022 ኮሚሽኑ የሞተር ሳይክል አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ይዞት ነበር። ኩባንያው የሌላ ድርጅት ዕቃ መግጠም ዋስትና እንደማይሽር በሰነዱ ላይ እንዲጽፍና ለደንበኞቹም እንዲያሳውቅ ታዟል።

ስለዚህ ስለ ፓምፑ ሲከራከሩ ጥያቄው «ሽቦ ገብቷል ወይ?» አይደለም። «ፓምፑን ያበላሸው ሽቦው ነው ወይ?» ነው። ይህንን የማሳየት ሸክም ደግሞ ዋስትናውን በከለከለው ወገን ላይ ነው። የዘረጉት ሽቦ ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ካለው፣ ከፓምፑ ጋር ማገናኘት ይከብዳቸዋል። ፊውዝ ከሌለው፣ ወይም ሻንጣው በተበሳበት ቦታ ላይ ሽቦውን የሚከላከል የጎማ ቀለበት ሳይገባበት ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ እየፋቀው ከሆነ ግን ክርክርዎ ይሳሳል። የተላጠ ሽቦ ሾርት ሲያደርግ ጉዳቱ ሻንጣው ውስጥ አይቀርማ።

የኋላ መብራቱ ግን ያሳስበኛል። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ መብራቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው፤ ያልለመደውን ጭነት እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ይችላል። እርስዎ የቀጠሉት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ዲለሩ ይህንን ቢያነሳ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። በግልጽ ልንገርዎ፤ ይህንን በራስዎ ወጪ ያሠሩ። አብረው ከተከራከሩበት ጥሩውን የፓምፑን ጥያቄ ያበላሽብዎታል። እስኪሠራም ማታ አይንዱት፣ እባክዎ። ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ፍሬን መያዝዎን የሚያውቀው በዚያ መብራት ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ዲለሩ ዋስትናውን የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው ሽቦ፣ ምን ጉዳት፣ በምን ምርመራ እንደታወቀ። በቃል «ወድቋል» ብለው የሚያሰናብቱ ሰዎች፣ ጻፉ ሲባሉ ብዙ ጊዜ ይለዝባሉ። ከዚያ ሌላ መካኒክ አይቶ አስተያየቱን ፈርሞ ይስጥዎት። ለአምራቹም በቀጥታ በሪኮማንዴ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ዋስትናውን የሰጠዎት እሱ ነውና። የዋስትና ሰነዱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ አንዳንዱ ክስ ከመመሥረቱ በፊት በኩባንያው የሽምግልና መንገድ እንዲሄዱ ያስገድዳል።

ካልተስማሙ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ያመልክቱ። እሱም ካልሆነ፣ እስከ 5,000 ዶላር ለሚደርስ ጥያቄ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት የአነስተኛ ገንዘብ ችሎት አለ፤ ያለ ጠበቃም መቆም ይችላሉ። ጠበቃ ይዘው በዚሁ የፌዴራል ሕግ ከረቱ ደግሞ፣ ፍርድ ቤቱ የጠበቃዎን ክፍያ ተከሳሹ እንዲሸፍን ማዘዝ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ሽቦውን ተናደው ነቅለው እንዳይጥሉት። መጀመሪያ ከባትሪው እስከ ሻንጣው፣ ፊውዙም እንዲታይ አድርገው በየቦታው ፎቶ ያንሱት። ፓምፑም ሲወጣ አሮጌውን እንዲመልሱልዎ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።